የህንድ ፊልም ጭፈራና ለቅሶ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጥበብ ገጽ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ስለ ህንድ ፊልም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ነገሩን ሁሉ በጭፈራ፣ በለቅሶና በማይታመን ድብድብ ጠቅልሎ ዘጋው። እኔ ፒያሳ ነው ያደግኩት። የሰፈሬ ሰው የህንድ ፊልም ሲያይ ነው የኖረው፤ ግን ከጀርባው ያለውን አፈ ታሪክ የሚነግረን ስላልነበረ ግማሹ አምልጦናል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን «ካራን አርጁን» እንውሰድ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያላየው የእኔ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ይገደላሉ፣ እናታቸው ካሊ የምትባለውን አምላክ ትማጸናለች፣ ልጆቹም ዳግም ተወልደው ይመጣሉ። እኛ በዚሁ አልቅሰን ወጣን። የህንድ ተመልካች ግን ገና ርዕሱን ሲሰማ ማሃባራታ የተባለው የህንድ ጥንታዊ የጀግኖች ታሪክ ትዝ ይለዋል። እዚያ ውስጥ ካርና (የፊልሙ ካራን ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው)፣ ኩንቲ የተባለች ልዕልት ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ የወለደችው ልጅ ነው፤ ሰው እንዳያውቅባት ፈርታ በሣጥን አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው። እዚህ ጋ ሙሴን የማያስታውስ ማን አለ? ካገባች በኋላ ደግሞ አርጁና ተወለደ። ሁለቱ በተቃራኒ ጎራ ከተሰለፉበት ጦርነት በፊት ካርና እውነቱ ቢነገረውም ያበላውን፣ ያከበረውን ወዳጁን አልከዳም፤ አርጁናም ወንድሙ መሆኑን ሳያውቅ ገደለው። ፊልሙ እነዚያን የተገዳደሉ ወንድማማቾች ስም ወስዶ ለአንዲት እናት ጎን ለጎን የሚቆሙ ልጆች አደረጋቸው። ይህን አውቆ ማየትና ሳያውቅ ማየት በጭራሽ አንድ አይደለም።

ደግሞ የአንድ ፊልም ጉዳይ አይደለም። የህንድ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም፣ እ.ኤ.አ. የ1913ቱ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»፣ ከዚያው አፈ ታሪክ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ራማያና የተባለው ሌላው ጥንታዊ ታሪካቸው በተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲጀመር እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ ቴሌቪዥኑን በአበባ ጉንጉን ያስጌጡም ነበሩ።

«የጣዖት ወሬ ለኛ ምን ይሠራል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ማወቅ ማምለክ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 «በራላም ወይዋስፍ» የተባለውን መንፈሳዊ ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል፤ ሊቃውንት የታሪኩን ምንጭ ሲከተሉት ከቡድሃ ሕይወት ይደርሳሉ። የሂንዱ ባይሆንም ከዚያው ከህንድ ምድር የመጣ ነው፣ አባቶቻችንም በክርስቲያን መልኩ ተቀብለው አንብበውታል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ዛሬ በአማርኛ የሚሰማ የህንድ ድራማ ቤታችን ድረስ ገብቷል፣ ልጆቻችን ይህ የዝሆን ራስ ያለው ማነው ብለው ይጠይቁናል። ገጻችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ስጡትና በየሳምንቱ አንድ ታሪክ አውጡ፦ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ፣ የጦጣ መልክ ያለው ሃኑማን፣ የራማያናው ጀግና የራማ ሚስት ሲታና እሷን የጠለፋት ራቫና። የብርሃን በዓላቸው ዲዋሊ የሚከበረው በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ አገሩ የገባበትን ታሪክ ለዚያ ሰሞን ብታደርሱት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ