ስለ ዓሣ ገንዳ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ቀብድ የከፈለ ሰው ሳናናግር «ዋጋ ተሻሽሏል፤ 5 ሚሊ ውፍረት ባለው መስታወት ገንዳ አንሠራም» ብለን መለጠፋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አልቀለብሰውም። «ዘረፈን» የሚለውም ወሬ ደርሶኛል፤ እሱ ከዋጋው በላይ ነው የከበደኝ።

ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ ሁለት ኩንታል ማለት ነው። የፊቱን መስታወት ለብቻው ከ120 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰው ርዝመቱን አይቶ ይፈራል፤ መስታወቱን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን የውሃው ቁመት ነው። ለዚህ ልክ 10 ሚሊ የምንለው ለዚያ ነው።

«ድሮ በ5 ሚሊ ትሠራልን አልነበር?» ትላላችሁ። አዎ፣ ሠርቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ ለምኖኝ የሠራሁለት በሦስተኛው ወር ሌሊት ተሰነጠቀ። ጠዋት ስደርስ ምንጣፉ ረጥቦ፣ ልጁ የተረፈችውን አንዲት ዓሣ በሻይ ብርጭቆ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ገንዘቡን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ 5 ሚሊ የምቆርጠው ለመስኮት ብቻ ነው።

መስታወቶቹን የምናጣብቅበት ሲሊኮንም ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ውስጡ ቀናት ይፈልጋል። የአቼቶ ሽታው ሳይጠፋ ዓሣ አይገባበትም። ርካሹ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ደግሞ የሻጋታ መከላከያው ዓሣ ይጎዳል። የማስረከቢያው ቀን የሚርቀውም ለዚህ ነው፦ 7 ቀን እናደርቃለን፤ ከዚያ በውሃ ልክ በተስተካከለ መቆሚያ ላይ፣ ከሥሩ ፎም አንጥፈን፣ ሞልተን ሁለት ቀን እናየዋለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በጎንደር 200 ሊትር ለሙከራ ማፍሰስ ቀልድ አይደለም፤ ያንኑ ውሃ ከገንዳ ገንዳ በባልዲ እናገላብጣለን።

ዋጋው? መስታወቱም ሲሊኮኑም የውጭ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር 100 ብር ካለፈ ቆየ። ከአዲስ አበባ እዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱን እናንተም ታውቁታላችሁ። በየጭነቱ የሚሰባበረውን የምከፍለው እኔ ነኝ።

አባቴ አራዳ ላይ የመስኮት መስታወት ሲገጥም ይጠቀምበት የነበረው የመስታወት መቁረጫ አልማዝ ዛሬም እጄ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ገንዳ በስቱኮ አጣብቄ የእናቴን ፍራሽ ያራስኩት ልጅ ሆኜ ነው። ብዙዎቻችሁ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ጀምሮ አብራችሁኝ ናችሁ፤ እሱን አልረሳም።

ከበጀታችሁ በላይ ከሆነ ቁመቱን 30 ሳንቲ እናድርገው፣ በ6 ሚሊ ይበቃል። ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትረከባላችሁ፤ ልዩነቱን እኔ እችለዋለሁ። ሁለት ገንዳዎች አልቀው፣ ውሃ ሞልተው ግቢያችን ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ተቀይመው ስልክ አያነሱልኝም። ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ኑና እዩዋቸው፤ አንዲትም ጠብታ አላፈሰሱም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት፣ ጎንደር