ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ከሚደወሉልን ስልኮች አብዛኞቹ "ኔትወርክ የለም" የሚሉ ናቸው። ደሴ ውስጥ ያላችሁ ዘንድ ቶሎ እንደርሳለን፤ ኮምቦልቻ ላላችሁት ግን የሐረጎን ቁልቁለት እስክንወርድ ሥራችሁ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ያሳስበናል። እኛ እስክንመጣ ችግሩ የት እንዳለ ራሳችሁ መለየት ትችላላችሁ።

ዋይፋይና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋይፋይ ስልካችሁን ከራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለየዕቃው ከሚያከፋፍለው ሣጥን ጋር የሚያገናኝ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ በቃ። ኢንተርኔቱ ከራውተሩ ወዲያ፣ በአቅራቢው መስመር ነው የሚመጣው። መስመሩ ውጭ ተቆርጦ እንኳ ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ፕሪንተራችሁም መሥራቱን አያቆምም፣ ምክንያቱም እሱ የሚሠራው በቤታችሁ የውስጥ ኔትወርክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ የሚገባበትን ዕቃ መብራቶች እዩ። ፋይበር፣ ማለትም በብርሃን የሚሠራውን መስመር ያስገባችሁ ከሆነ ኤል ኦ ኤስ (LOS) የሚል የተጻፈበት መብራት አለ። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ በፋይበሩ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። እኛን አትጥሩን፣ የመምጫ ሒሳብ በከንቱ አትክፈሉ፤ በቀጥታ ለአቅራቢው ደውሉ።

መብራቱ ደህና ከሆነ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ተመልከቱ። እኛ በዘረጋንላችሁ ኔትወርክ ላይ በ192.168 መጀመር አለበት፤ ይህን ቁጥር ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያድለው ራውተሩ ነው። በ169.254 ከጀመረ ግን ኮምፒውተሩ ቁጥር ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል፣ ለራሱም አንድ አውጥቷል ማለት ነው። ኬብሉን ነቅላችሁ እስኪቀጭ ድረስ መልሳችሁ ሰኩት፤ ካልሆነ ራውተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት።

በጣም የሚያስቸግረን ሁለተኛ ራውተር ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ሱቅ ጓዳው ድረስ ዋይፋይ እንዲደርስ ብሎ ሌላ ራውተር ገዝቶ እንዲሁ ሰካው፤ ከዚያ ግማሹ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፣ ማታ የሠራው ጠዋት እምቢ ይላል። በአንድ በር ላይ ሁለት ሰው የወረፋ ቁጥር ሲያድል ማለት ነው። ከአዲሱ ራውተር ቁጥር የወሰደው ኮምፒውተር ኢንተርኔቱንም ከእሱ ይጠብቃል፣ እሱ ጋ ደግሞ መስመር የለም። መፍትሔው የአዲሱን ዲኤችሲፒ (ቁጥር የማደል ሥራውን) መዝጋትና የራሱን አይፒ መቀየር ነው፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ግን እባካችሁ ሳትነግሩን አትሰኩት።

ኬብል ራሳችሁ የምትስቡም አላችሁ። የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አይሂድ፤ ከዚያ ካለፈ መሃል ላይ ስዊች (ኬብሎችን የሚያገናኝ ዕቃ) ይፈልጋል።

አንድ ልመና አለን። ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አትክተቱ! እሷ ሪስታርት (አጥፍቶ ማብሪያ) አይደለችም፣ ሪሴት ናት። ከአቅራቢው የተሰጣችሁን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል፣ እኛ ያስተካከልንላችሁንም ሁሉ ታጠፋለች፤ አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን ሥራ የግማሽ ቀን ታደርገዋለች። ማጥፋት ከፈለጋችሁ በማብሪያ ማጥፊያው ወይም ከሶኬቱ ነቅላችሁ።

ስትደውሉልን የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ አይፒውም በምን እንደሚጀምር ንገሩን። ብዙውን በስልክ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ጥገና ባልደረቦቻችሁ፣ ደሴ