ግልጽ ደብዳቤ ለምርጫ ቦርድ፦ መስኮቱ በሥራ ሰዓት ክፍት ይሁን

ይድረስ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ

ክቡራን የቦርዱ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ወረዳ ውስጥ የሠራሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የምጽፍላችሁ በአንድ የቅስቀሳ ሰሞን ያየሁት ነገር እስካሁን ከውስጤ ስላልወጣ ነው።

ረፋድ ላይ ኃላፊያችን ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ «ስብሰባ አለ፣ ሁላችሁም አዳራሽ ግቡ» አሉን። አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የስም መቆጣጠሪያ አለ፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከጎኑ የአንድ ፓርቲ ምልክት ያለበት ኮፍያና ቲሸርት ተከምሯል። ፈርሜ፣ ቲሸርቴን ተቀብዬ ገባሁ። ሳይፈርም ያለፈ ሰው አላየሁም። ስብሰባው ላይ ስለ ሥራችን አንድም ነገር አልተነሳም።

ስንወጣ ምሳ ሰዓት አልፏል። አንዲት እናት መስኮቴ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው የመጡት። ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሏቸዋል። ምንም አልተናገሩኝም። ክንዴ ላይ ያለውን ቲሸርት አዩት፣ ከዚያ ማስረጃቸውን ከፌስታል ማውጣት ጀመሩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ የመንግሥት ሀብት ለቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል። የሠራተኛው የሥራ ሰዓት ከኮድ 4 መኪናው ያነሰ የመንግሥት ሀብት ነው እንዴ? ደመወዙ የሚከፈለው ከእኚያ እናት ግብር ጭምር ነው።

ደግሞ ሠራተኛው አፉን ይዝጋ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ይሥራ ያለው መከላከያ ሠራዊቱን ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወታደር አይደሉም። አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥቷቸዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የወደዱትን ቢደግፉ፣ ወይም ማንንም ባይደግፉ፣ ጠያቂ ሊኖራቸው አይገባም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ፖስታ ቤት ይሠራል። እዚያ በአውሮፓውያኑ 1939 የወጣ ሃች አክት የሚባል ሕግ አለ። ሥራ ላይ እያለ የዕጩ ባጅ ደረቱ ላይ ማድረግ አይችልም። ዩኒፎርሙን አውልቆ ቤቱ ከገባ በኋላ ግን ማታ በየቤቱ እያንኳኳ ቢቀሰቅስ መብቱ ነው። እሱም አለቃውም የት ድረስ እንደሚፈቀድ ያውቁታል።

እኛ ጋ ያስቸገረው «እምቢ» ማለት ነው። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬን የሚሞሉት ያው ስብሰባውን የጠሩት ኃላፊ ናቸው። የደረጃ ዕድገቱም፣ ዝውውሩም፣ የትምህርት ዕድሉም እሳቸው ጋ ነው ያለው። ማን ደፍሮ ሳይፈርም ያልፋል? ልማዱም የቆየ ነው። የደርጉን ፓርቲ፣ የኢሠፓን ዘመን አባቶቻችን ነግረውናል። አንዱ አምስቱን የሚከታተልበትን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ደግሞ እኛው ራሳችን ኖረንበታል። ሰው ፈርቶ መፈረምን እንደ ሥራው አካል ለምዶታል።

ስለዚህ ከሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡልን። በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በሥራ ሰዓት የፓርቲ ስብሰባ መጥራት፣ ለዚያም ስም መቆጣጠር ክልክል መሆኑን በማያሻማ አማርኛ ይጻፍበት፤ በሌሎቹ የሥራ ቋንቋዎችም እንዲሁ። ከሥራ ውጭ የሚፈቀደውም አብሮ ይጻፍ፣ ሰው መብቱን ይወቅ። ከሥሩ የጥቆማ ስልክ ይኑር። ጠቋሚው ስሙ ለአለቃው የማይደርስበት መንገድ ከሌለ ግን ስልኩ አይደወልበትም። ጥፋት ሲገኝ የሚጠየቀውም የጠራው ኃላፊ ይሁን፣ ተጠርቶ የገባው ሠራተኛ አይሁን።

ወረቀቱ ቅስቀሳ ከመጀመሩ በፊት እንዲደርሰን እለምናችኋለሁ። ከተጀመረ በኋላ ከመጣ የሚለጥፈው አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ