የሁለቱንም ወገን ጠበቃ የምንከፍለው እኛው ነን

ሰላም ወገኖች! የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ካስኮ ቤይ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ ላይ ነው። እዚህ አማርኛ የሚነገረው በእኛ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ለእናንተ የመጻፉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

ደሴታችን የምትተዳደረው ማዶ ባለች ከተማ ሥር ነው። ግብራችን የሚሄደው ለእሷ ነው፤ የምትወስንልንም እሷ ናት። ስብሰባው የሚጠራው ማታ፣ እዚያው ማዶ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ስለ ትምህርት ቤታችን ሲመከር፣ የመናገር ተራችን ሳይደርስ የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ደረሰ። ካፖርታችንን ደርበን ወጣን። ውሳኔውን የሰማነው በማግስቱ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ማዶ ተሻግረው ይማሩ ተባለ። የጎረቤቴ ልጅ 9 ዓመቷ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ያንን ቦርሳ ተሸክማ፣ በረዶ በጋገረው መሳፈሪያ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አንጀት ትበላለች። ጭጋግ ከወረደ ደግሞ ጀልባው ይዘገያል።

ስለዚህ ተለይተን የራሳችን ከተማ እንሁን አልን። ቅዠት አይደለም። እዚሁ ካስኮ ቤይ ያለችው የሎንግ አይላንድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1993 ከፖርትላንድ ከተማ ተለይታለች። ሌላዋ ደሴት ቺቢግ እ.ኤ.አ. በ2007 ከከምበርላንድ ከተማ ወጥታለች፤ እሷንም ያነሳሳት የትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር። አልደብቃችሁም፣ የፒክስ አይላንድ ደሴት ግን ሞክራ የግዛቱ ምክር ቤት አልፈቀደላትም።

ሕጉ ከደሴቱ መራጮች ከግማሽ በላይ ይፈርሙ ይላል። እሱን ቤት ለቤት ዞረን ጨርሰናል። ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የከተማዋ ዕዳና ንብረት ሲካፈል ድርሻችን ስንት ነው? በረዶውን ከመንገድ ማን ይጠርጋል? እሳት ቢነሳስ? ይህን ሁሉ አስልቶ ኦገስታ፣ የግዛቱ ዋና ከተማ፣ ላለው ምክር ቤት የሚያቀርብ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ያስፈልገናል። ከተማዋ ጠበቃ የምትቀጥረው በግብር ነው። እኛም በከፈልነው ግብር ማለት ነው! የእኛ ጠበቃ ግን ከኪሳችን ነው። እስካሁን የተንቀሳቀስነው በኬክ ሽያጭና በሎብስተር አጥማጆቹ መዋጮ ነው።

ግብር ይጨምርብናል ብለው መለየቱን የማይደግፉ ጎረቤቶችም አሉን። አይፈረድባቸውም። ሒሳቡን ባለሙያ ይሥራው የምንለውም ለዚሁ ነው።

5 ዶላርም ብትሆን አትናቋት። ገንዘቡ ባይኖራችሁ፣ የሕግ ወይም የሒሳብ ሙያ ያላችሁ ጥቂት ሰዓት ብታውሱን ትልቅ ነገር ነው። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል። የወጪው ዝርዝር በየወሩ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ለእናንተ ደግሞ እኔ በአማርኛ ጽፌ እልክላችኋለሁ።