ሺፍት ይዘው ስለሚያስነሱት ስክሪፕት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? መቼም ተጠፋፋን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። መብራት እስካለ ሥራ አለ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ከአንተ በቀር ይሄን ማን ይሰማኛል? ለስካነሩ ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፕሮግራም) ጻፍኩ። አይኮኑን ስትጫነው አንድ ገጽ ስካን ያደርጋል። ሺፍት ይዘህ ከተጫንከው ደግሞ ገጾቹን ሰብስቦ ፒዲኤፍ ያወጣል። ጣጣው፣ ስክሪፕቱ ሲነሳ ሺፍት መያዙን የሚነግረው የለም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) የሚያቀብለው ፊደል ነው፤ ሺፍት ብቻውን ምንም አይልክም።

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ መስኮቱንና ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ሥርዓት ኤክስ 11 ስለሆነ ተገላገልኩ። ማውሱ የት እንዳለ ስትጠይቀው የተያዙትን ቁልፎችም በአንድ ቁጥር ይመልስልሃል። ሺፍት 1፣ ኮንትሮል 4፣ አልት ብዙውን ጊዜ 8። ነም ሎክ ከበራ አብዛኛውን ጊዜ 16 ይጨመርበታል። እና «ቁጥሩ 1 ነው?» ብለህ ከጻፍክ፣ ሺፍት ተይዞም 17 ይመጣና ጉድ ይሠራሃል። ከቁጥሩ ውስጥ የሺፍቷን ቢት (የ1ን ድርሻ) ብቻ ነጥለህ እያት።

አዲሱ ኮምፒውተር ግን በኤክስ 11 ፈንታ የመጣው ዌይላንድ ነው። እሱ እቴ! ፕሮግራም ቁልፍ የሚያየው ትኩረቱ የራሱ መስኮት ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ የኔ ስክሪፕት ደግሞ መስኮት የለውም። ኢቪቴስት በሚባል ትእዛዝ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። ቁልፉ ከተያዘ 10፣ ካልተያዘ 0 ብሎ ይወጣል። (ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል 0ን «እሺ» ብሎ ስለሚወስድ «ከሆነ» ብለህ የምትጽፈው ኢፍ ይገለበጣል፤ ልብ በል።) ግን ወይ ሩት (የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን) መሆን፣ ወይ ኪቦርዱን በቀጥታ ማንበብ የሚፈቀድላቸው ዩዘሮች ያሉበት «ኢንፑት» ግሩፕ ውስጥ መግባት አለብህ። «ዩዘርህን ጨምረውና ተገላገል» የሚል አይጠፋም። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። እዚህ ሰው ሲቪውን ሊያትም ሲመጣ ኢሜይሉን የሚከፍተው በኛው ኪቦርድ ነው። ግሩፑ ውስጥ ከገባሁ፣ በኔ ዩዘር የሚነሳ የትኛውም ፕሮግራም ፓስወርዱን አንድ በአንድ ሊለቅም ይችላል። ለአንዲት ሺፍት ብዬ? ኧረ ይቅርብኝ።

ለጊዜው አዲሱ ላይ ሁለት አይኮን አስቀምጫለሁ። አያምርም፣ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ሳልሞክር አላድርም። ዌይላንድ መስኮት ትኩረት ሲያገኝ በዚያች ቅጽበት የተያዙትን ቁልፎች ይነግረዋል። ታዲያ ስክሪፕቱ ሲነሳ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ አይቶ፣ ወዲያው ቢዘጋውስ? አንተ መስኮት መሥራቱን ከኔ ትሻላለህ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ ደውልልኝ።

እማማን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድም