ጉዳዩ፦ «አይነካም» የተባለ ጎራዴ ተወልውሎ ስለመመለሱ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ

የደረሰኙ ቁጥርና የቀደሙት ሁለት ማመልከቻዎቼ ፋይላችሁ ውስጥ ስላሉ አልደግማቸውም። ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ቃል ነው፤ «ስለቱ አይነካም»። በራሳችሁ ሠራተኛ እጅ በደረሰኙ ጀርባ ሰፍሯል።

ሐሙስ ዕለት ጎራዴው ከአፎቱ ሲመዘዝ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ምን ነካው ብዬ ብጠይቅ ባለሙያችሁ «አያምርም እንዴ? ለግድግዳ አይደል?» አሉኝ። አስከትለውም «ለጽዳቱ እኮ አላስከፈልንዎትም»። ማመስገን ነበረብኝ መሰለኝ።

የተከፈለው ለምርመራ ነው። ጥያቄውም አንድ ነበር፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ስለቱ ሲሠራ የወጣ ነው ወይስ በኋላ በአሮጌ ብረት ላይ የተጨመረ? ከጀርመን ዞሊንገን ብዙ ስለት ወደ አገራችን ስለገባ፣ ብረቱ አሮጌ መሆኑ ብቻ ስለ ጽሑፉ አይመሰክርም። የሚመሰክረው ጥቁሩ የዕድሜ ዝገት ነው። ፊደሉ ከስለቱ ጋር አብሮ ካረጀ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁረት ከዙሪያው ጋር ይመሳሰላል። በኋላ የተቀረጸ ከሆነ ውስጡ ይነጣል፤ በኬሚካል አጥቁረውት ከሆነም ጥቁረቱ ከጠርዙ አልፎ ይፈሳል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስና ከጎን በሚበራ መብራት የሚታይ ነገር ነው። በአሲድ የተበላ ፊደል ጥልቀቱ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ የብርጭቆ ወረቀት ካለፈበት ጠርዙ ይደፈናል፣ ጥቁሩም ይጠረጋል። መርምሩ የተባላችሁትን ማስረጃ ፍቃችሁ ጣላችሁት። የ«ሞ» እግር ዛሬ በጥፍር ቢዳሰስም አይገኝም።

ውጤት ተብሎ የተሰጠኝ ወረቀት ሦስት መስመር ነው። «ሞአ» ይላል። ስለቱ ላይ የነበረው ዓይኑ «ዓ» ነው፤ ከመፋቃችሁ በፊት አላነበባችሁትም ማለት ነው! እጀታውን ደግሞ «የአውራሪስ ቀንድ» ይለዋል። በምን ታወቀ? የአውራሪስ ቀንድ የአጥንት እምብርት የለውም፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ተጣብቀው የሠሩት ነው፤ በጎኑ ትይዩ መስመር፣ በተቆረጠው ጫፍ ነጠብጣብ ያሳያል። የበሬ ቀንድ ንብርብር ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአየር አረፋ ይታይበታል። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በስምምነት የተከለከለ በመሆኑ፣ ይህ ቃል ሳይጣራ ሲጻፍ ባለቤቱን ጣጣ ውስጥ ይከታል።

እጀታውም አሁን ይወላለቃል። ወደ ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ጫፉ በእጀታው አናት ባለው ጉልላት ላይ ተቀጥቅጦ የተደፋ ነው፤ ተጎትቶ አይወጣም። ውስጡን ማየት ካስፈለገ ራጅ ይበቃ ነበር። የአፎቱ ቆዳ የጫማ ቀለም ይሸታል። «መብራት የለም»፣ «ባለሙያው ወጥተዋል»፣ «ሰኞ ይምጡ» እየተባለ ያለፈውን አንድ ወር ሳልቆጥር ነው እንግዲህ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት 4,500 ብሩ እንዲመለስ ብቻ ነበር። አሁን በምን ቁጥር የብርጭቆ ወረቀትና በምን ኬሚካል እንደተወለወለ፣ ማን እንዳዘዘ፣ በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ እፈልጋለሁ። የእጀታውን ማስጠገኛም ትከፍላላችሁ፤ ጥገናው ግን በእናንተ እጅ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ጎራዴውን ስትረከቡ ያነሣችሁትን ፎቶግራፍ፣ ሳይቀነስና ሳይነካካ፣ እንድትልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጥቁሩ ዝገት ምስክር የቀረው እዚያ ብቻ ነው። እስከ መጪው ዓርብ ካልደረሰኝ ይህን ደብዳቤ ከደረሰኙ ጀርባ ቅጂ ጋር ለንግድ ቢሮ አስገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጎራዴው ባለቤት