ለባቲና ለደሴ አንጥረኞች የንድፍ መዝገብ ይዘጋጅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የፊንላንድ ሴቶች የሠሩት ሥራ ለእኛ ለወሎዎች እንደሚበጅ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደራሲዋ ኤልሳ ሄፖራውታ ያስተባበሯቸው ሴቶች፣ ለአገራቸው ሴቶች ክብር ሐውልት ማቆሚያ ገንዘብ ሲያፈላልጉ፣ በብሔራዊ ሙዚየማቸው የሚገኙትን ጥንታዊ ጌጦች ንድፍ አስነሥተው በነሐስና በብር በማሠራት በ1937 ለገበያ አቀረቡ፤ የጌጦቹንም ስም ኤልያስ ሎንሮት ከሕዝብ አፍ ሰብስቦ በ1835 ካሳተመው የአፈ ታሪክ ግጥም፣ ከ"ካሌቫላ"፣ ወሰዱ። ሥራው ዛሬም ቀጥሏል።

በባቲ የሰኞ ገበያ ግን የሚሸጠው አሮጌው ጌጥ ራሱ ነው። ከጠገራ ብር የተሠራ ድሪ ወይም አልቦ ለእንግዳ ሲሸጥ ንድፉም አብሮ ከአገር ይወጣል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉ ደግሞ ያለ መዝገብ የተቀመጠ ቅርስ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቶናል።

ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የባህል መሥሪያ ቤቶች በዕድሜ ከገፉ አንጥረኞችና ጌጡን በቤታቸው ካቆዩ እናቶች ዘንድ ሄደው የእያንዳንዱን ጌጥ ፎቶግራፍ፣ ልክ፣ ክብደትና አሠራር እንዲመዘግቡ፣ ወጣት አንጥረኞችም ከመዝገቡ እያዩ አዲስ ጌጥ ሠርተው እንዲሸጡና ዋናው ከባለቤቱ ዘንድ እንዲቆይ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ